የሰማያዊዋ ቁልፍ ጓደኛ

«ስለ ዳቦ ፍሬው ከሆነ» አለ አንሰልም ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ምላሴን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር።»

ኤርሜሊን ቀና አላለችም። ከሸራው ጥላ ሥር፣ ከማጠቢያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ አንዲት የሸክላ ፒፓ ስባሪ በጥርስ ብሩሽ ትፈትጋለች። ስባሪዋ ከነጣች ቆይታለች፤ ኤርሜሊን ግን ቆዳዋን ልትገፋት የፈለገች ይመስል መፈተጓን አልተወችም።

«እናቴ የዳቦ ፍሬ አትበላም ያልኩት ጨጓራዋን አስቤ ነው እንጂ የእናንተን ቤት ምግብ ንቄ አይደለም። እናትሽ ማ ዩጄኒ ለነገው ምሳ ይጥበሱት። ከፈለጉ ሁለት ይጥበሱ። እናቴ ካልበላች እኔ እበላላታለሁ።»

«ዶክተር» አለችው፣ «ብርሃን ከለከልከኝ።»

ዶክተር የምትለው ወይ ስትናደድበት ነው ወይ ፍቅሩ ሲያይልባት፤ እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ትምህርት ተምሮ ሁለቱን መለየት ገና አልቻለም። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ከዚያ የባሰ ጥፋት የሠራ መስሎት ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ምስኪን። ነገሩ ከዳቦ ፍሬ፣ ከዚያ ተጠብሶ ከሚበላ የደሴቱ ዛፍ ፍሬ፣ ጋር ምንም አላገናኘውም። ነገሩ ያለው ኤርሜሊን የሽርጥ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ፍም ጭኗን ያቃጥላታል።

ጠዋት አንሰልም በድሮው ምሽግ ላይ ቅርስ ፍለጋ ከሚያስቆፍረው አዲስ ጉድጓድ በመጣው ባልዲ ውስጥ፣ ከጭቃው መሃል፣ ጭብጥ የማትሞላ ነጭ የሸክላ ብልቃጥ ነበረች። እንዲህ ያለች ብልቃጥ በመንደሩ፣ በአንስ ጎምዬ፣ ብርቅ አይደለችም። የእንግሊዝ ወታደሮች ምሽጉን ለቀው ከሄዱ በኋላ መድፎቹ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሮዞ ተወስደው ቀለም ተቀቡ፤ እዚህ የቀረው የሰው ኮተት ነው። ማንኪያ፣ ፒፓ፣ የሰሃን ስባሪ፣ ከሱሪ የወለቀ ቁልፍ፣ የሐኪሙ የቅባት ብልቃጥ። አንሰልም የሚወደውም ይህንኑ ነው፤ ጄኔራሎቹን ሌላ ሰው ይፈልጋቸው፣ እኔ የምፈልገው ሱሪው የወለቀበትን ወታደር ነው ይላል። የመንደሩ ሴቶች ጎደሬ ሲቆፍሩ ብልቃጥ ካገኙ አጥበው ጨው ያስቀምጡበታል፣ መርፌ ያስቀምጡበታል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ እትብቱን ከተው ይቀብሩታል።

የዛሬዋ ብልቃጥ አፏ በጀልባ ቅጥራን ታሽጓል። ኤርሜሊን በብሩሹ እጀታ ነካ ስታደርገው ቅጥራኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። ውስጧ የጠቆረ፣ ደርቆ ክር የመሰለ ነገር በቀይ የሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዛገ መርፌ ቁልፍ ተያይዟል። መርፌ ቁልፍ የወታደሮቹ ዘመን ዕቃ አይደለም፤ የእናቷ የስፌት ቅርጫት ዕቃ ነው። የሕፃን እትብት በቀይ ጨርቅ የምትጠቅልለውም አዋላጅ እናቷ ናት።

ከጨርቁ ሥር ሌላ ነገር ነበር። የድሮ ሰዎች የሸሚዛቸውን እጅጌ የሚያያይዙባት፣ ሁለት ሆና በአጭር ሰንሰለት የምትጣመር ዓይነት ቁልፍ። አንደኛዋ ብቻ። ሰማያዊ መስታወት፣ ዙሪያዋን ናስ፣ ሰንሰለቷ መሃል ላይ የተበጠሰ።

ጓደኛዋ የት እንዳለች ኤርሜሊን ታውቃለች። አሁን ብርሃን የከለከላት ሰውዬ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥላለች።

አንሰልም ያቺን ቁልፍ ያገኛት ልጅ ሳለ ነው፣ ከእናቱ የስፌት ሳጥን። ከየት እንደመጣች ሲጠይቅ እናቱ ሳጥኑን ዘጉበት። ሳጥን የተዘጋበት ልጅ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ አድጎ የምሽግ ቆፋሪ ሆነ። በየደሴቱ እየዞረ አንቲጓን ቆፈረ፣ ሴንት ኪትስን ቆፈረ። የወታደር ቁልፍ በጆንያ አገኘ፤ የሰማያዊዋን ጓደኛ ግን አላገኘም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከምሽጉ ግንብ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ባሕር ስትገባ እያዩ፣ ጓደኛዋን ያገኘሁ ዕለት ቀለበት አልገዛልሽም፣ ሁለቱን አጋጥሜ እሷን ነው የማስርልሽ አላት። ቆመሽ ቅሪ ብትለኝ አይቀልም ነበር? ብላ ሳቀችበት። መሳቋን ሳቀች እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ የምታጥበው ጭቃ ሁሉ ውስጥ ዐይኗ ሰማያዊ ሲፈልግ ነው የከረመው።

ይኸው አገኘችው። ያገኘችበት ቦታ ነው ጉዱ።

አንስ ጎምዬ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የእትብት ዛፍ አለው። የአንዱ ቤት እትብት ሌላው ቤት ዛፍ ሥር አይገባም፤ ሰው የጎረቤቱ አልጋ ላይ ልጁን እንደማያስተኛ ሁሉ። የማ ዩጄኒ ቤት ዛፍ ምሽጉ ላይ የነበረው ማንጎ ነው፤ የኤርሜሊንም እትብት እዚያው ነው ያለው። ቁፋሮው ሲጀመር ማ ዩጄኒ አንሰልምን ጠርታ፣ ልጄ የፈለግህበት ቆፍር፣ በማንጎው በኩል ግን እንዳትደርስ ብላዋለች። እሱም ቃሉን ሰጥቷል። ችግሩ ማንጎው የለም። ትልቁ አውሎ ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ ገደል ከከተተው ዓመታት አልፈዋል፤ የመንደሩ ሰው ግን ዛሬም አቅጣጫ የሚያሳየው በሱ ነው። ከማንጎው ወዲህ፣ ከማንጎው ወዲያ ይላል። የት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ያለ ጥርጥር ያሳያል፤ ሁሉም የሚያሳየው ግን የተለያየ ቦታ ነው። አንሰልም ሁሉንም ሰምቶ፣ ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ባሕሩ በኩል ራቀ። የራቀው ወደ ማንጎው ነበር።

እና ኤርሜሊን ምን ታስብ? በእናቷ ዛፍ ሥር፣ በእናቷ ጨርቅ የተጠቀለለ እትብት። ከእትብቱ ጋር የአንሰልም ቁልፍ ጓደኛ። አንሰልም በዕድሜ ይበልጣታል። እንደ አንሰልም ቤተሰብ ያሉ የሮዞ ባለ ሱቆች ከገጠር የድሃ ሕፃን ወስደው የራሳቸው አድርገው ማሳደጋቸው ደግሞ ወሬ እንኳ አይባልም።

ሐሳቧ እስከ መጨረሻው ሲደርስ መፈተጓን አቆመች። ትናንት ከውሃ ማጠራቀሚያው ኋላ ስሟታል። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ጭቃ ነው ያተረፈችው።

«ኤርሜሊን፣ እባክሽ አንድ ነገር በዪኝ» አለ አንሰልም።

«እናትህን ነገ አትምጪ በላት።»

የምትቀልድ እንደሆን ፊቷን መረመረ። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። «በዳቦ ፍሬ ምክንያት?»

«አዎ» አለች። «በዳቦ ፍሬ ምክንያት።»

ባርኔጣውን ራሱ ላይ ሊያደርግ ሞከረና አቃተው፤ ይዞት ወደ ጉድጓዶቹ ወረደ። ከኋላው ልትጠራው አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ ትጥራው? እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በቂ ስሞች ነበሯት። አሁን አንዱም አፏ ላይ የሚቀመጥ አልሆነም።

ቤት ስትደርስ ማ ዩጄኒ ለነገው ምሳ ዶሮ እየበለተች ትዘፍናለች። ማ ዩጄኒ ከዘፈነች ደስ ብሏታል ማለት ነው፤ እሷ ደስ ሲላት ደግሞ ዕዳውን የሚችለው ጎረቤት ነው። የደስታዋ ምክንያትም ግልጽ ነበር። የሮዞዋ ሚስስ ባርዌል፣ ልጃቸውን አንሰልምን ለእጣቢ ደፊ አልሰጥም ሲሉ የከረሙት ሴትዮ፣ በመጨረሻ እሺ ብለው ምሳ ሊበሉ ይመጣሉ። የሌላ ሰው ሰሃን ስባሪ አጣቢ ብለዋት እንደነበር ኤርሜሊን ሰምታለች። እንዲህ ያለ ነገር ከሮዞ እስከ አንስ ጎምዬ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም።

ኤርሜሊን ቁልፏን ከዶሮው ጎን አስቀመጠች።

ዘፈኑ መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ማ ዩጄኒ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ቁልፏን አነሣች፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አየቻት። ከዚያ ተቀመጠች። ወደ ኋላዋ ሳታይ ነው የተቀመጠችው፤ በርጩማው እዚያ ባይሆን ኖሮ መሬት ነበር የሚቀበላት።

«ከማንጎው ሥር?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከማንጎው ሥር።»

«አንሰልም አይቷል?»

«አላየም።»

«ተመስገን።»

ኤርሜሊን ሌላ ነገር ነበር የጠበቀችው። ቢያንስ እናቷ እንድትደነግግ፣ ይህ ምንድነው እንድትል። ማ ዩጄኒ ግን ቁልፏን በመሐረብ ቋጥራ ሄደችና ከድንግል ማርያም ሥዕል ኋላ ሸጎጠቻት፤ በዚያ ቤት የሚደበቅ ነገር ሁሉ የሚደበቀው እዚያ ነው። ተመልሳ ቢላዋዋን ያዘችና የበለተችውን ዶሮ እንደገና ትበልት ጀመር።

ኤርሜሊን ጠየቀቻት። ለመነቻት። ማ ዩጄኒ የመለሰችላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእመቤታችን ምያለሁ፣ መሐላ ደግሞ ሲያረጅ አይሻርም። ልጇ አልተው ስትላት ጊዜ ቢላዋውን አስቀምጣ ቀጥ ብላ አየቻት።

«ነገ ምሳ ላይ ይህን ነገር ብታነሺ» አለች፣ «እናት አለኝ እንዳትዪ። ሰው በወጣትነት ጥፋቱ አይመታም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ማ ዩጄኒ ያሰበችው ሌላ ነበር። ልጇ ነገሩን ሁሉ የደረሰችበት፣ ደርሳበትም ያን ሰሃን አጣቢ የሚለውን ስድብ ልትመልስበት የተዘጋጀች መስሏት ነው። ልጇ ምን እያሰበች እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ መሐላውንም ዶሮውንም እዚያው ትጥለው ነበር። ግን አላወቀችም። ኤርሜሊንም እናቷ ቁልፏን እንዴት እንደሸሸገች አይታለች፤ ከዚያ የበለጠ መልስ አልፈለገችም። መኝታዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ማታ ከወጥ ቤት ምንም ዘፈን አልተሰማም።

በማግስቱ ሚስስ ባርዌል በነጭ ጫማ መጡ። ዝናብ ጥሎ ለሰነበተ መንደር ነጭ ጫማ መልእክት አለው፤ ብዙ አልቀመጥም ማለት ነው። አትምጪ የሚለውን ቃል አንሰልም አላደረሰላቸውም። ቢያደርስም ሚስስ ባርዌል አትምጪ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። አንስ ጎምዬን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ከመኪና ሳይወርዱ ተናገሩ፤ ከወረዱም በኋላ ደገሙት።

የማ ዩጄኒ በር ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው። እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ሳይመታ ያን ቤት አልገባም። አንሰልም እንኳ ያን ያህል ተመላልሶ ዛሬም መታው። ሚስስ ባርዌል ግን ማንም ተጠንቀቁ ሳይላቸው፣ ከነባርኔጣቸው ጎንበስ ብለው ሹልክ አሉ። ኤርሜሊን አይታለች። ግን ዕለቱ እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰብበት አልነበረም።

«እንኳን ደህና መጡ ሚስስ ባርዌል» አለች ማ ዩጄኒ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ» አሉ ሚስስ ባርዌል፣ የማ ዩጄኒን ትከሻ አልፈው ግድግዳውን እያዩ።

ጠረጴዛው ላይ ዶሮው አለ፣ ካላሉ የሚሉት የቅጠል ሾርባ አለ፣ ጎደሬው በጨው ዓሣ ተሠርቶ አለ። መሃል ላይ ደግሞ በከሰል የተጠበሰው የዳቦ ፍሬ፣ የተቃጠለ ልጣጩ ተገፎ፣ ትኩስ እንፋሎቱን እየለቀቀ ተቀምጧል። አንሰልም እንደ ባለጋራው አየው። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልተኛ ዐይኑ ይናገራል። ኤርሜሊን ከሱ ፊት ለፊት ላለመቀመጥ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች፤ እሱ ጨው ሲያቀብላት ጣቱ እንዳይነካት የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛው ላይ እስኪያኖረው ጠበቀች። ማየቱን አየ። ምን እንዳጠፋ ግን አሁንም የሚያውቀው ያንኑ የዳቦ ፍሬ ብቻ ነበር።

ለጥቂት ጊዜ ስለ መንገዱ ተወራ። ስለ ዝናቡም ተወራ። ማ ዩጄኒ በዚያ ሁሉ መሃል አንድም ቀልድ አልቀለደችም፤ ይህም ሌላ ቀን ቢሆን ሐኪም የሚያስጠራ ነው።

በድንገት አንሰልም ሹካውን አስቀመጠ። እጁን ወደ አንገቱ ልኮ ክሩን ፈታና ሰማያዊዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ሚስስ ባርዌል የያዙት ሹካ ከአየር ላይ ቆመ።

«ይህችን አንገቴ ላይ ያላደረግኩበትን ቀን አላስታውስም» አለ ወደ ኤርሜሊን እያየ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ጓደኛዋን ካገኘሁ በኋላ እጠይቅሻለሁ ብዬሽ ነበር። አላገኘኋትም። ምናልባት ባሕር ውስጥ ናት። በምን እንዳስቀየምኩሽ አላውቅም፤ የማውቀው ከእንግዲህ መጠበቅ እንደማልችል ነው። እናቴም ትስማ፣ እናትሽም ይስሙ። ሳላገኛት ነው የምጠይቅሽ።»

ኤርሜሊን ተነሣች። ወንበሯ ከኋላዋ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። ወደ ሥዕሉ ሄደች። «ኤርሜሊን!» አለች እናቷ። አልሰማቻትም። መሐረቡን ይዛ ተመለሰች፤ ቋጠሮውን መፍታት ስላቃታት በጥርሷ ፈታችው። ያቺንም ሰማያዊ ቁልፍ ከጓደኛዋ ጎን አስቀመጠቻት። የተበጠሱት ሰንሰለቶች አፍ ለአፍ ተያዩ።

«ተገኝታለች» አለች። «ከማንጎው ሥር፣ ከኛ ቤት እትብት ጋር። አንሰልም፣ አንተ ወንድሜ ነህ።»

አንሰልም መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ከአፉ ሳይወጣ ሞተ። ዐይኑ ከቁልፎቹ ወደ ኤርሜሊን አፍ ሄደ፣ ከዚያ በፍጥነት ከአፏ ሸሸ። ያ መሸሽ ነው ኤርሜሊንን ከሁሉ በላይ የሰበራት።

ማ ዩጄኒን ያያት ሰው ቤቷ የተቃጠለባት ይመስለው ነበር። ልጇ ከትናንት ጀምሮ ተሸክማ የዋለችው ይህን መሆኑ አሁን ነው የገባት። አፏን ከፈተች። መሐላው ትዝ አላት። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። በባሏ ቀብር ላይ ያልወረደ እንባ ሁለት ጉንጮቿ ላይ ወረደ።

«እናቴ፣ ተናገሪ» አለች ኤርሜሊን።

«ምያለሁ» አለች ማ ዩጄኒ። ይህን ስትል ግን የምታየው ልጇን አልነበረም። የምታየው ሚስስ ባርዌልን ነው።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ሚስስ ባርዌል ሁለቱን ቁልፎች ያያሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ዱቄት ብቻውን ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እስቲ አስቡት፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ዝም ቢሉ ልጅቷ ራሷ በሩን ዘግታዋለች፣ ልጃቸው በመጣበት መኪና ይመለሳል፣ ማ ዩጄኒ እንደሆነች መሐላዋን ይዛ ትቀበራለች። የፈለጉት ሁሉ፣ ሲለፉለት የከረሙት ሁሉ፣ ጣታቸውን ሳያነሡ ያልቅላቸው ነበር።

ጓንታቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። ከዚያ ሁለቱን ቁልፎች አንሥተው ሰንሰለቱን በሰንሰለቱ አጋጠሙት፣ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀውን ነገር እንደሚያደርግ ሰው።

«ወንድምሽ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ የወለድኩት።» ራሳቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። «እዚህ ነው የወለድኩት። ከዚያ መጋረጃ ኋላ።»

«እኔ የተወለድኩት ባርቤዶስ ነው» አለ አንሰልም፣ ትምህርት ቤት የተማረውን በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ።

«ባርቤዶስ የሄድነው ከተወለድክ በኋላ ነው።»

ነገሩ ከአፋቸው እየተጎተተ ወጣ። ያን ጊዜ የአንሰልም አባት ትሪኒዳድ ሥራ ላይ ነው፤ ቀለበት ታስሯል፣ ሠርጉ ገና ነው። ሆድ ደግሞ ሠርግ አይጠብቅም። የሚስስ ባርዌል አባት፣ የሮዞ ሰው ሳያያት ብለው ጀልባ ላይ ጫኗቸው፤ ማንም የማያውቃቸው መንደር፣ አዲስ ያገባች አዋላጅ ቤት። ሴት ልጅ የምትማርበትን ሁሉ የተማሩ ነበሩ፤ ውሃ መቅዳት ግን አያውቁም ነበር። ማ ዩጄኒ አስተማረቻቸው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ በልተዋል፣ በዚያ ጉበን ግንባራቸው አብጦ ያውቃል። ሕፃኑን ታቅፈው ሲሄዱ ማ ዩጄኒን አስማሏት፤ ከዚያ በኋላ ሮዞ ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይተዋት መንገድ ተሻግረዋል።

«ዛፍ አልነበረኝም» አሉ። «እትብቱ ሜዳ እንዳይቀር ብላ ዩጄኒ ዛፏን አዋሰችኝ። ቴዎፊል ጎደሬ ሲቆፍር እነዚህን ቁልፎች አግኝቶ ሰጥቶኝ ነበር። አንዷ ትቀመጥ አንዷ ትሂድ አለችኝ፣ ልጁ ይመለሳል አለችኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ እንዳይመለስ ነበር የምጸልየው።»

ቴዎፊል የኤርሜሊን አባት ነው። «አባቴ?» አለች። «ቁልፍ የሰጠዎት አባቴ ነው?»

ይህን ጊዜ ማ ዩጄኒ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። መሐላው ወርዶላታል፤ መሐላ ሲወርድላት ደግሞ ምላሷም ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አባትሽ ቁልፍ ያልሰጠው ሰው አለ እንዴ? ለቄሱም ሰጥቷል» አለች። «ይህቺ ከጀልባ ስትወርድ ሆዷ ነው ቀድሟት የወረደው። አባትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያትና ስሟን የጠየቀው ያን ዕለት ነው። ደግሞ የዚህን ልጅ ጆሮ እይው። ሮዞ፣ ባርዌል ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ አላየሽም? ያ ጆሮ አይደለም የምትዪ ከሆነ ዐይንሽን እናስመርምረው።»

አንሰልም ሳያውቀው ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲወጣም ጉበኑ እንደ ልማዱ ተቀበለው።

ኤርሜሊን ተከተለችው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ደግፏል። አጠገቡ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም፤ አካሏ አሁንም ከትናንቱ ድንጋጤ አልወጣም፣ መቅረብ ይፈቀድ አይፈቀድ እርግጠኛ አልሆነም። ከነሱ በላይ ምሽጉ ይታያል፤ የግንቡ ጫፍ፣ የሸራው ጥላ፣ ማንጎው የሌለበት ሰማይ።

«በየምሽጉ ስቆፍር የኖርኩት» አለ፣ «እንግሊዞቹን የምፈልግ መስሎኝ ነበር።»

እጁን ዘረጋላት፤ ከጥፍሮቹ ሥር የሦስት ምሽግ ጭቃ አለ። አየችው። ከዚያ ተቀመጠችና ያንን የባርዌል ጆሮ በአንድ ጣቷ ነካችው፣ ቀስ ብላ፣ ትኩስ መሆኑን እንደምትሞክር። ሁለቱም የት እንደነበረ የማያውቁት ለቅሶ በአንድ ጊዜ መጣባቸው፤ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አስደገፈና ትከሻዋ እርጥብ እስኪሆን ድረስ አልተነሣም።

«ሌሊቱን ሙሉ» አለ ከዚያው ከትከሻዋ ላይ፣ «ስለ ዳቦ ፍሬ ሳስብ ነው ያደርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ለጠየቅኩሽ መልስ አልሰጠሽኝም።»

«ዶክተር» አለችው።

በዚህኛው ጊዜ የትኛው እንደሆነ ለየ። ለየና ፊቱን አንሥቶ ሳማት፤ ኤርሜሊንም አፏን አልጠረገችም።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ በሩ ሲመለሱ ከውስጥ ድምፅ ስለሰሙ ከጉበኑ ሥር ቆሙ። ሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛው ላይ ብቻቸውን ናቸው። ሚስስ ባርዌል አሁን አዴላ ብቻ ናት፤ ባርኔጣዋ ወልቋል፤ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ጓንት፣ ነጭ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ ስትታይ ከጀልባ የወረደችው ልጅ ብዙም አልራቀችም። ሁለቱን ቁልፎች በመዳፏ ይዛ ታገላብጣለች።

«ዩጄኒ» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ መጥቼ…» አልጨረሰችውም። እንደገና ሞከረች። «ይቅር ትዪኛለሽ?»

ማ ዩጄኒ የዳቦ ፍሬውን ሰሃን በሁለት ጣቷ ገፍታ ገፍታ አዴላ ፊት አደረሰችው።

«መጀመሪያ እሱን ጨርሺ» አለች። «ያኔ ግማሹን ትተሽው ነው የሄድሽው።»